በሲ ቋንቋ የዳይሬክተሪ ፋይሎችን በዓምድ መደርደር፦ ስሞች ለምን ይደጋገማሉ? ዓምዶቹስ ለምን ይዛባሉ?

ጀማሪ_በሲ

ጤና ይስጥልኝ። የሲ ቋንቋን መማር ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ለልምምድ ያህል የኤልኤስን ትዕዛዝ የሚመስል አነስተኛ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው፤ የአንድ ዳይሬክተሪ ስም ሲሰጠው በውስጡ ያሉትን ፋይሎች በተርሚናሉ ስፋት ልክ በዓምዶች ደርድሮ ማሳየት ይኖርበታል። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ እስካሁን አልተስተካከለልኝም።

እስካሁን ያደረግሁት የሚከተለው ነው። ዳይሬክተሪውን በኦፕንዲር ከፍቼ ስሞቹን አንድ በአንድ የሚሰጠውን ሪድዲርን በሉፕ እጠራለሁ። ሪድዲር ከሚመልሰው ስትራክት ውስጥ ዲ_ኔም የሚባለውን የስም መስክ አድራሻ ወስጄ 2000 ፖይንተሮች (የሜሞሪ አድራሻዎች) በሚይዝ አሬይ ውስጥ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ሉፑ ሲያበቃ አሬዩን እንደገና ከመጀመሪያው እየዞርኩ በየአራት ስሙ አዲስ መስመር እየጀመርኩ፣ በስሞቹ መካከል ደግሞ የታብ ምልክት እያስገባሁ በፕሪንትኤፍ አሳያለሁ። ዳይሬክተሪውን በክሎዝዲር የምዘጋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ሃያ ያህል ፋይሎች ባሉበት ዳይሬክተሪ ሞክሬው ሁሉም ስም በትክክል ወጣ። ከዚያም ጠንከር ያለ ሙከራ ለማድረግ ብዬ ባለ 14 ፊደል የእንግሊዝኛ ስም ያላቸው 1200 ባዶ ፋይሎች ፈጠርኩ። በዚህ ጊዜ ብዛቱ 1200 ሆኖ ቢወጣም፣ መጀመሪያ ላይ መታየት የነበረባቸው ብዙ ስሞች ጠፍተው በእነርሱ ቦታ መጨረሻ ላይ ያሉት ስሞች ለሁለተኛ ጊዜ ተጽፈው አገኘሁ። ኮዱን አንድም መስመር ሳልቀይር በትንሹ ዳይሬክተሪ ስሞክረው ተመልሶ ትክክል ይሆናል። ያደነገረኝ ይህ ነው፤ ስሕተት ካለበት በሁለቱም ቦታ መሳሳት አልነበረበትምን?

ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችም አሉኝ። አንደኛ፣ ታብ እያስገባሁም ዓምዶቹ ቀጥ ብለው አይወርዱም። ሁለተኛ፣ ኤልኤስ ስሞቹን ከላይ ወደ ታች ሲደረድር የእኔ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል፤ ቅደም ተከተሉም የፊደል አይደለም። ሦስተኛ፣ የኤልኤስን ውጤት ወደ ፋይል ሳዞር በየመስመሩ አንድ ስም ብቻ ይጽፋል፤ የእኔ ፕሮግራም ግን ያንኑ ዓምድ ወደ ፋይሉ ይገለብጠዋል። ልምምድ ስለሆነ ሙሉ ኮድ ባትሰጡኝ እመርጣለሁ፤ የተሳሳትኩበትን ቦታና ምክንያቱን ብታስረዱኝ ግን ይበቃኛል።

ባዶ_ፖይንተር

የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉም አደገኛው እርሱ ነው። ሌሎቹ ችግሮች መልክ የሚያበላሹ ሲሆኑ ይህ ግን ሐሰተኛ ውጤት የሚሰጥ ስሕተት ነው።

አሬይዎ ውስጥ ያለው ስም አይደለም፤ ስም የነበረበት ቦታ አድራሻ ነው። ሪድዲር የሚመልስልዎት ስትራክት የእርስዎ ንብረት አይደለም። ላይብረሪው በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀመጠው ነው፤ ሪድዲርን በዚያው ክፍት ዳይሬክተሪ ላይ እንደገና ሲጠሩ የቀድሞው ይዘት ሊደመሰስና በሌላ ሊተካ እንደሚችል ፖዚክስ የተባለው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ደንብ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ አድራሻውን ይዞ መቆየት ምንም ዋስትና የለውም።

በትንሹ ዳይሬክተሪ ላይ ለምን ሠራ? ይህን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በሊኑክስ ላይ በብዛት የምንጠቀምበት ጂሊብሲ የተባለው የሲ ላይብረሪ፣ ሪድዲር በተጠራ ቁጥር ከርነሉን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) አንድ ስም አይጠይቅም። አብዛኛውን ጊዜ 32,768 ባይት የሚይዝ ቋት አዘጋጅቶ በአንድ ጥሪ የቻለውን ያህል ስም ይሞላበታል፤ ከዚያም በየጥሪዎ ከቋቱ ውስጥ የቀጣዩን መዝገብ አድራሻ ብቻ ይሰጥዎታል። ሃያ ስም በአንድ ቋት ውስጥ በቀላሉ ስለሚገባ ማንም አይደመሰስም፤ የያዟቸው አድራሻዎችም ዳይሬክተሪውን እስኪዘጉ ድረስ ትክክለኛውን ስም ያመለክታሉ። ባለ 14 ፊደል ስም ግን ከተጓዳኝ መረጃው ጋር 40 ባይት ይወስዳል፤ 32,768ን ለ40 ሲያካፍሉት 819 ይደርሳል። እንግዲህ ከ800 በላይ የሆነው ፋይል ላይ ሲደርሱ ላይብረሪው ያንኑ ቋት በአዲስ ስሞች እንደገና ይሞላል። የመጀመሪያዎቹ አድራሻዎች አልተለወጡም፤ በአድራሻው ላይ የተቀመጠው ስም ግን ተለውጧል። ስሞቹ ሁሉ እኩል ርዝመት ስላላቸው አዲሶቹ በአሮጌዎቹ ቦታ ላይ ገጥመው ተቀመጡ፤ የጠፉትና የተደገሙት ስሞች ቁጥር የተቀራረበውም በዚህ ምክንያት ነው። ርዝመታቸው የተለያየ ቢሆን ኖሮ የተቆራረጡ የስም ቁርጥራጮችን ያዩ ነበር።

በነገራችን ላይ የሜሞሪ ስሕተት ፈላጊ መሣሪያዎች ይህንን አይነግሩዎትም። ቋቱ አሁንም በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ሜሞሪ ስለሆነ ከውስጡ ማንበብ በእነርሱ ዘንድ ጥፋት አይደለም። የሚጮኹት ዳይሬክተሪውን ከዘጉ በኋላ ስሞቹን ለማሳየት ቢሞክሩ ነው።

መፍትሔው ስሙን መቅዳት ነው። ስትርደፕ ለስሙ የሚበቃ ሜሞሪ ይዞ ቅጂውን ያስቀምጥና አዲሱን አድራሻ ይመልስልዎታል፤ ሥራዎን ሲጨርሱ እያንዳንዱን ቅጂ በፍሪ መልቀቅዎን አይርሱ። 2000 የሚለውን ቋሚ ቁጥርም ያስወግዱ። የፋይሎቹን ብዛት አስቀድሞ የሚነግርዎት የለም፤ ስለዚህ በ64 ቦታ ጀምረው ሲሞላ በሪአሎክ እጥፍ ያድርጉት። የሪአሎክን ውጤት በቀጥታ በዋናው ፖይንተር ላይ አይመድቡ፤ ሜሞሪ ቢያጥር ባዶ ፖይንተር ይመልስና የቀድሞው አሬይ አድራሻ ከእጅዎ ያመልጣል። በጊዜያዊ ፖይንተር ተቀብለው፣ ባዶ አለመሆኑን አረጋግጠው ያዛውሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሪድዲር ዳይሬክተሪው ሲያልቅም ሆነ ስሕተት ሲያጋጥመው የሚመልሰው ያንኑ ባዶ ፖይንተር ነው። ሁለቱን የሚለዩት ከእያንዳንዱ ጥሪ በፊት ኤርኖን (የስሕተት ቁጥር የሚቀመጥበትን ተለዋዋጭ) ዜሮ አድርገው፣ ሉፑ ሲያበቃ ዋጋው ዜሮ እንደሆነ በመመልከት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል፤ እኔም ለዓመታት ዘልዬዋለሁ፤ አንድ ቀን ግን ግንኙነቱ በተቋረጠ የኔትወርክ ዲስክ ላይ ፕሮግራሜ ግማሹን ፋይል ብቻ አሳይቶ «በሰላም ጨርሻለሁ» ካለኝ ወዲህ ዘልዬው አላውቅም።

ረድፍ_ለረድፍ

ባዶ_ፖይንተር ከጻፉት በመቀጠል ሦስቱን ቀሪ ጥያቄዎች ልመልስ።

ታብ ስለ ስምዎ ርዝመት የሚያውቀው ነገር የለም። ተርሚናሉ ጠቋሚውን ወደሚቀጥለው የስምንት ብዜት ይወስደዋል፤ በቃ። ባለ አምስት ፊደል ስም ከታብ በኋላ 8 ላይ ሲያበቃ ባለ ዘጠኝ ፊደል ስም 16 ላይ ያበቃል፤ ዓምዱም ወዲያውኑ ይሰበራል። ስለዚህ ታብን ሙሉ በሙሉ ትተው ባዶ ቦታዎቹን ራስዎ ይቁጠሩ።

ስሞቹን በሙሉ ሳይሰበስቡ የመጀመሪያውን ስም እንኳ ማተም አይችሉም፤ ምክንያቱም የዓምዱን ስፋት የሚወስነው ረጅሙ ስም ሲሆን እርሱም መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይችላል። በተጨማሪም ሪድዲር ስሞችን የሚሰጠው የፋይል ሲስተሙ ባስቀመጠበት ቅደም ተከተል እንጂ በፊደል ተራ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ይሰብስቡ፣ ከዚያ ይደርድሩ፣ ከዚያ ረጅሙን ይለኩ፤ ማተም የመጨረሻው ሥራ ነው።

ለመደርደር ኪውሶርት ይበቃዎታል፤ ነገር ግን ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለው። ኪውሶርት ለማወዳደሪያ ፈንክሽንዎ የሚሰጠው የአሬዩን ክፍል ራሱን ሳይሆን የክፍሉን አድራሻ ነው። የእርስዎ አሬይ ክፍል ደግሞ ራሱ ፖይንተር ነው፤ ስለዚህ የሚደርስዎት የፖይንተር ፖይንተር ነው። ሁለት ስትሪንጎችን የሚያወዳድረውን ስትርኮምፕን አስገድደው በቀጥታ ቢሰጡት ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል፤ የሚወዳደሩት ግን ስሞቹ ሳይሆኑ አድራሻዎቹ የተጻፉባቸው ባይቶች ይሆናሉ። ሁለት መስመር ያላት የራስዎን ፈንክሽን ጽፈው አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ ስትርኮምፕን ይጥሩ።

የተርሚናሉን ስፋት ለማወቅ አይኦሲቲኤል የሚባለውን ጥሪ የመስኮት መጠን በሚጠይቀው ትዕዛዝ ይጠቀሙ፤ በሚሞላልዎት ስትራክት ውስጥ የረድፎችና የዓምዶች ብዛት በየራሳቸው መስክ ይገኛሉ። ጥሪው ካልተሳካ ወይም የመለሰው ስፋት ዜሮ ከሆነ 80ን ይውሰዱ።

አሁን ስሌቱ ላይ ደርሰናል። በዓምዶች መካከል ሁለት ባዶ ቦታ እንተዋለን እንበል፦

ዓምዶች = (ስፋት + 2) ÷ (ረጅሙ + 2)
ዓምዶች ከ1 ካነሰ 1 ይሁን
ረድፎች = (ብዛት + ዓምዶች − 1) ÷ ዓምዶች

ማካፈሉ ሁሉ በሙሉ ቁጥር ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ ስፋቱ ላይ 2 የጨመርኩት ከመጨረሻው ዓምድ በኋላ ክፍተት ስለማያስፈልግ ነው። ረጅሙ ስም 14 ፊደል፣ ስፋቱ ደግሞ 62 ቢሆን አራት ስሞች ከሦስት ክፍተቶች ጋር ልክ 62 ይሞላሉ፤ 62ን በቀጥታ ለ16 ቢያካፍሉ ግን 3 ብቻ ይደርስዎታል፤ አንድ ዓምድ በከንቱ ይቀራል። ሁለተኛው መስመር የተጻፈው ከተርሚናሉ የሚረዝም ስም ሲያጋጥም በዜሮ እንዳያካፍሉ ነው።

ከላይ ወደ ታች የመደርደሩ ምስጢር አንድ መስመር ብቻ ነው። ማተም የምንችለው ረድፍ በረድፍ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የትኛውን ስም እንደምናወጣ ማስላት አለብን፦

ተራ ቁጥር = ዓምድ × ረድፎች + ረድፍ

ለምሳሌ አሥር ፋይሎችና 60 የሆነ ስፋት ቢኖረን፣ ረጅሙ ስም አሁንም 14 ከሆነ ሦስት ዓምዶችና አራት ረድፎች እናገኛለን። ቁጥራቸው ከዜሮ ሲጀምር የሚታተሙት እንዲህ ነው፦

0 4 8
1 5 9
2 6
3 7

በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ ላይ ስሌቱ 10ን እና 11ን ይሰጥዎታል፤ እነዚህ ስሞች የሉም። ተራ ቁጥሩ ከብዛቱ ማነሱን ሳያረጋግጡ ወደ አሬዩ ቢገቡ ፕሮግራሙ ከድንበሩ አልፎ ያነብባል፤ አንዳንዴ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይል ቆሻሻ ያትማል። ሌላው አንባቢን የሚያደናግረው ነገር፣ ዓምዶች ከተሰሉት ያነሱ ሊሆኑ መቻላቸው ነው፤ አምስት ፋይሎችን በአራት ዓምድ ቢያስቡ ረድፉ 2 ይሆንና ሦስት ዓምድ ብቻ ይሞላል። ይህ ስሕተት አይደለም።

ወደ ፋይል ሲዞር በየመስመሩ አንድ ስም የሚሆነው ኤልኤስ ውጤቱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ስለሚጠይቅ ነው። ጥያቄውን የሚመልሰው ኢዝኤቲቲዋይ የተባለው ፈንክሽን ነው፤ የመደበኛ ውጤቱን ቁጥር 1ን ሰጥተውት ዜሮ ከመለሰ መድረሻው ተርሚናል አይደለም፤ እንግዲያውስ ዓምዱን ይተዉት። ዓምድ ለሰው ዓይን ነው፤ ቀጣዩ ፕሮግራም የሚፈልገው አንድ መስመር አንድ ስም ነው።

ጀማሪ_በሲ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስሞቹን በስትርደፕ ቀድቼ 1200ውም በትክክል ወጡ። ስሌቱንም አስገብቼ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፤ ወደ ፋይል ሲዞርም በየመስመሩ አንድ ስም ሆኗል። ስሙን የማትመው የዓምዱን ስፋት በኮከብ ምልክት በኩል ለፕሪንትኤፍ ሰጥቼ ወደ ግራ አስጠግቼ ነው።

አሁን የቀረኝ ችግር አንድ ነው። የእንግሊዝኛ ስም ብቻ ያለበት ዳይሬክተሪ ውብ ሆኖ ይወጣል። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ያሉበትን ስከፍት ግን ዓምዶቹ እንደገና ይበላሻሉ፤ ከአማርኛው ስም ቀጥሎ ያለው ዓምድ ወደ ግራ ተስቦ ይመጣል። ከዚህም ሌላ የሁሉም ዓምዶች ስፋት ያለ ልክ ይለጠጥና አራት ዓምድ ሊይዝ የሚችለው ስክሪን ሁለት ብቻ ይይዛል። ረጅሙን ስም የምለካው በስትርሌን ነው።

ፊደል_ቆጣሪ

መልሱን ራስዎ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጽፈውታል። ስትርሌን የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም።

በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ በዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ለዓይን ሦስት ቦታ ይይዛል፤ ለስትርሌን ግን ዘጠኝ ነው። ስምንት ፊደል ያለው የአማርኛ ስም ለፕሮግራምዎ 24 ስለሚሆን ረጅሙ ስም እርሱ ይሆንና የሁሉም ዓምድ ስፋት ይለጠጣል። ሁለተኛው ምልክት ከዚሁ የመጣ ነው። በነገራችን ላይ ሊኑክስ ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው ከፍተኛ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 255 ባይት ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ በፊደላችን የተጻፈ ስም ከ85 ፊደል አያልፍም፤ ረጅም ርዕስ ያለው ሰነድ ሲያስቀምጡ «ስሙ ረዝሟል» የሚል መልስ ያለ ምክንያት የመጣ መስሎዎት ከነበረ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ምልክት፣ ማለትም ቀጣዩ ዓምድ ወደ ግራ መሳቡ፣ የሚመጣው ከፕሪንትኤፍ ነው። ስፋት ሲሰጡት ባዶ ቦታ የሚሞላው በባይት ቆጥሮ ነው። ስፋቱ 16 ከሆነና ስሙ «ሰላም» ከሆነ ዘጠኝ ባይት ጽፌያለሁ ብሎ ሰባት ባዶ ቦታ ይጨምራል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ሦስትና ሰባት፣ በድምሩ አሥር ነው። ስድስት ቦታ ጎደለ፤ ቀጣዩ ዓምድም ስድስት ቦታ ወደ ግራ መጣ። እንግዲህ ረጅሙን በትክክል ቢለኩ እንኳ በዚህ መንገድ እስካተሙ ድረስ ዓምዱ አይቃናም። ሁለቱም ቦታ መታረም አለበት።

አለካኩን እንዲህ ያድርጉ። በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ሴትሎኬልን በባዶ ስትሪንግ ይጥሩ፤ ይህን ካላደረጉ ላይብረሪው የተጠቃሚውን ቋንቋና አጻጻፍ ትቶ በሲ ነባሪ አሠራር ይቀራል፤ ፊደላችንንም አያውቀውም። ከዚያ ስሙን ወደ ሰፊ ፊደላት (እያንዳንዱ ፊደል በአንድ ቁጥር ወደሚያዝበት) አሬይ ይለውጡና ዊድዝ በሚለው ቃል የሚያበቁት የሰፊ ፊደል ፈንክሽኖች በስክሪኑ ላይ ስንት ቦታ እንደሚይዝ እንዲነግሩዎ ይጠይቁ። «የፊደሎቹን ብዛት ብቆጥር አይበቃምን?» ቢሉ፣ ለዕለት ተዕለት የአማርኛ ስም ይበቃል። ነገር ግን የቻይንኛ ፊደል ሁለት ቦታ ይይዛል፤ በሌላ ፊደል ላይ የሚቀመጡ ምልክቶች ደግሞ ምንም ቦታ አይዙም። በእኛም ሰንጠረዥ ውስጥ ማጥበቂያን የመሰሉ ከፊደል በላይ የሚጻፉ ሦስት ምልክቶች አሉ። ስለዚህ ባይት፣ ፊደልና የስክሪን ቦታ ሦስት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው፤ ለዓምድ የሚያስፈልግዎት ሦስተኛው ነው።

ልወጣው ሊከሽፍ እንደሚችልም ያስቡ። ሊኑክስ የፋይል ስም ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በአጠቃላይ አይመረምርም፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተገለበጠ ስም የማይነበብ ባይት ሊይዝ ይችላል። በዚያን ጊዜ ፈንክሽኑ −1 ይመልሳል። ይህን ዋጋ ምልክት በሌለው ቁጥር ውስጥ ተቀብለው እንደ ርዝመት ቢጠቀሙበት እጅግ ግዙፍ ስፋት ይሆናል። ልወጣው ሲከሽፍ ወደ ስትርሌን መመለስ ፍጹም ባይሆንም ፕሮግራሙን ከመውደቅ ያድነዋል።

ለማተም ደግሞ ስሙን ያለ ምንም ስፋት ያትሙ፤ ከዚያ ከዓምዱ ስፋት ላይ የለኩትን ቀንሰው ልዩነቱን በባዶ ቦታ ይሙሉ። ስፋት ተሰጥቶት ባዶ ስትሪንግ የሚያትም ፕሪንትኤፍ ይህን በአንድ ጥሪ ይሠራል። ከረድፉ የመጨረሻ ስም በኋላ ባዶ ቦታ አያስገቡ።

እነዚህን ሁሉ አርመው እንኳ ዓምዱ በጥቂቱ የተንጋደደ ቢመስልዎት ተርሚናሉ የሚጠቀምበትን የፊደል ቅርጽ ይመልከቱ። ላይብረሪው ለፊደላችን አንድ ቦታ ይመድባል፤ ብዙ ፎንቶች ግን እንደ «ጨ» እና «ሠ» ያሉትን ሰፋፊ ፊደላት ከአንድ ቦታ አስፍተው ስለሚስሏቸው ፊደሎቹ ይጨናነቃሉ ወይም ይቆረጣሉ። እርሱ የእርስዎ ኮድ ጥፋት አይደለም፤ ኤልኤስም ከዚያ የተሻለ አያደርግም።

ባዶ_ፖይንተር

ፊደል_ቆጣሪ ያሉት ትክክል ነው። ስለ ቅደም ተከተሉ ልጨምር፦ ስትርኮምፕ በባይት ቢያወዳድርም የዩቲኤፍ-8 አሠራር የዩኒኮድን ቁጥር ቅደም ተከተል ስለሚጠብቅ፣ የአማርኛ ስሞች ከሀ ወደ ፐ በሚታወቀው ተራ ይወጣሉ። የላቲን ስሞች ሁሉ ግን ከእነርሱ በፊት ይመጣሉ፤ ከላቲኖቹም ትልልቆቹ ፊደላት ከትንንሾቹ ይቀድማሉ። የተጠቃሚውን ቋንቋ ደንብ የሚከተል አደራደር ከፈለጉ በስትርኮምፕ ቦታ ስትርኮልን ይጠቀሙ፤ ሴትሎኬልን አስቀድመው ስለጠሩ ተጨማሪ ሥራ የለውም።

ሌላ አንባቢ እንዳይደናገር ደግሞ፣ ይህን ሁሉ መሰብሰብና መደርደር በአንድ ጥሪ የሚሠራ ስካንዲር የሚባል ፈንክሽን እንዳለ ልጥቀስ። ጠያቂው ለልምምድ ስለሆነ በእጅ መሥራቱ ይሻላል እላለሁ።

ረድፍ_ለረድፍ

በዚህ አልስማማም። ስካንዲርም ቢሆን ማወዳደሪያ ፈንክሽንና ፍሪ ይጠይቃል፤ ትምህርቱ አይቀርም። በሥራ ላይ ባለ ኮድ ውስጥ በእጅ የተጻፈ የማሳደጊያ ሉፕ ባየሁ ቁጥር ውስጡ ስሕተት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜም አገኛለሁ። ለማንኛውም ምርጫው የጠያቂው ነው።

እኔ ልጨምር የፈለግሁት እኩል ስፋት ያላቸው ዓምዶች የሚያባክኑትን ቦታ ነው። 30 ስሞች እያንዳንዳቸው 6 ፊደል ይኑራቸው፤ አንድ ብቻ 40 ፊደል ይኑረው፤ ስፋቱ 80 ይሁን። ከላይ የሰጠሁት ስሌት 82ን ለ42 አካፍሎ አንድ ዓምድ ብቻ ይሰጣል፤ 31 ስሞች በ31 ረድፍ ይወርዳሉ። በአንድ ስም ምክንያት ሠላሳው ይቀጣሉ ማለት ነው። የጂኤንዩው ኤልኤስ እያንዳንዱ ዓምድ የራሱ ስፋት እንዲኖረው ያደርጋል። የእርስዎም ፕሮግራም ከብዙ ዓምድ ጀምሮ ወደ ታች እየቀነሰ ይሞክር፤ በየሙከራው ረድፎቹን አስልቶ የእያንዳንዱን ዓምድ ረጅም ስም ይፈልግ፣ ክፍተቶቹን ጨምሮ ይደምር፤ ድምሩ ከስፋቱ የማይበልጠውን የመጀመሪያውን ይያዝ። በዚህ ምሳሌ ሰባት ዓምድ 88 ቦታ ስለሚፈልግ ይወድቃል። ስድስት ዓምድ ግን 40፣ አምስት ጊዜ 6 እና አምስት ጊዜ 2 ሆኖ ልክ 80 ይመጣል። ከ31 ረድፍ ወደ 6 ረድፍ ወረድን። ለእያንዳንዱ ሙከራ ስሞቹን እንደገና መለካት እንዳያስፈልግ ስፋታቸውን አንድ ጊዜ ለክተው ከስማቸው ጋር በአንድ ስትራክት ውስጥ ያስቀምጡት።

ጀማሪ_በሲ

የሁላችሁንም ምክር ተከትዬ የአማርኛው ዳይሬክተሪ አሁን ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ ተለዋዋጭ ስፋቱንም አስገብቻለሁ። ስሙንና ስፋቱን በአንድ ስትራክት ሳስቀምጥ የማወዳደሪያ ፈንክሽኑም ቀለለልኝ። ስካንዲርን ለሚቀጥለው ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

አንድ የማይገባኝ ነገር ግን ገጥሞኛል። በአንዱ አሮጌ ዳይሬክተሪ ውስጥ አንድ ረድፍ መሐል ላይ ተሰብሮ ግማሹ ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። የዚያ ረድፍ ዓምዶች ሁሉ ይፈርሳሉ፤ የተቀሩት ረድፎች ግን ደህና ናቸው። ስሙን በፋይል አሳሹ ሳየው የተለየ ነገር የለውም።

ፊደል_ቆጣሪ

በስሙ ውስጥ የአዲስ መስመር ምልክት አለ። በፋይል ስም ውስጥ የማይፈቀዱት ባይቶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ዳይሬክተሪዎችን የሚለየው እዝባርና የስትሪንግ ማብቂያው ዜሮ። የተቀረው ሁሉ ይገባል፤ ከሰነድ ላይ ርዕስ ቀድቶ በስም ቦታ የሚለጥፍ ሰው ሳያውቀው አዲስ መስመር ይዞ ይገባል። የስፋት ፈንክሽኑም ለእንዲህ ዓይነቱ ስም −1 ሳይመልስልዎ አልቀረም፤ እርስዎም ወደ ስትርሌን ስለተመለሱ ሳይታወቅ አለፈ።

ውጤቱ ወደ ተርሚናል ሲሆን ብቻ፣ ከመለካትዎ በፊት የማይታተመውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተኩ፤ የሚታተም መሆኑን የሚነግርዎ የሰፊ ፊደል መመርመሪያ ፈንክሽን በዚያው ላይብረሪ ውስጥ አለ። የሚተኩት ለማሳያ ባዘጋጁት ቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ስም ላይ አይሁን፤ ነገ የፋይሉን መጠን ለማሳየት በስሙ ስታትን ሲጠሩ የጥያቄ ምልክት ያለበት ፋይል የለም ይልዎታል። ተርሚናሉን የሚያዝዙ የኤስኬፕ ምልክቶች በስም ውስጥ ተደብቀው ሲመጡም ያው መተካት ያስቆማቸዋል፤ በማያውቁት ሰው ዲስክ ላይ ይህን ፕሮግራም ከማስኬድዎ በፊት ያስገቡት።